የመመለሻው ወጪ፦ የጃኔት ኦክን ልቦለድ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ሳነብ

መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የመረጡት ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሰፈር ሌሊት ሌሊት የምጠብቃቸው የ89 ዓመት እናት ናቸው። ዓይናቸው ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ እንቅልፍም እምቢ ካላቸው ከርሟል። አንድ ሌሊት፣ ውጪው በረዶ ለብሶ ጭር ባለበት ሰዓት፣ በጣታቸው ወደ መደርደሪያው እያመለከቱ «ከታች በግራ በኩል፣ ጀርባው የተላጠውን አምጪልኝ» አሉኝ። አቧራውን ጠርጌ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ሴት ሸራ በለበሰ ሠረገላ ውስጥ ትነቃለች። የኦክቶበር አጋማሽ ነው፤ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ወጥታለች፤ ቀኑ ብሩህ ነው። ቀስ በቀስ ትዝ ሲላት ግን ባሏ ሞቷል። እዚያ ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ቀጥዪ» አሉኝ።

መጽሐፉ «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ» ይባላል። ደራሲዋ ጃኔት ኦክ እ.ኤ.አ. በ1935 በካናዳ፣ በአልበርታ ግዛት የተወለደች ናት። ያሳተመው ቤተኒ ሐውስ የተባለው የዚሁ የሚኒያፖሊስ አካባቢ አሳታሚ ነው፤ ዓመቱም 1979። ዛሬ በአሜሪካ የክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ውስጥ የፍቅር ታሪክንና ጸሎትን አጣምረው የሚተርኩ ልቦለዶች መደርደሪያ ይሞላሉ። ለእነዚያ ሁሉ መንገድ ከጠረጉት መካከል ይህ ቀጭን መጽሐፍ በግንባር ቀደምትነት ይጠራል። ከዚህ ዓይነት መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ግማሾቹን ከዘጋኋቸው በኋላ የባለ ታሪኳን ስም እንኳ አላስታውስም። ይህን ግን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ምክንያቱን ለመናገር ነው ይህን የምጽፈው።

ማርቲና ባሏ ክሌም አዲስ መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ክሌም በድንገት ይሞታል። ሠረገላው ተሰብሯል፤ ገንዘብ የለም፤ ዘመድ የለም፤ ብርዱ እየመጣ ነው። በሆዷ ደግሞ ለማንም ያልተናገረችው ጽንስ አለ። ባሏ በተቀበረበት በዚያው ቀን ክላርክ ዴቪስ የሚባል የአካባቢው ገበሬ ይቀርባትና ታገባው እንደሆነ ይጠይቃታል። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች፤ ሚሲ የምትባል ገና አፏን በቅጡ ያልፈታች ሕፃን አለችው። በየሰፈሩ እየዞረ የሚያገለግለው ሰባኪ ዛሬ እዚህ ነው፤ ከዛሬ በኋላ ክረምቱ ሳያልፍ አይመለስም። ለቅሶ ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ተናደድኩ። መጽሐፉን ዘግቼ «ሌላ ላንብብልዎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በዚህ አጀማመር የት እንደሚደርስ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሴቲቱ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትለምዳለች፣ ከዚያ ፍቅር ነው ይባልላታል። እናቴ የተዳረችው በ14 ዓመቷ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ አያቴ እሺ አሉ፤ እናቴ ውኃ ቀድታ ከወንዝ ስትመለስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። የአባቴን ፊት በወጉ ያየችው ከሠርጉ በኋላ ነበር። በአምስተኛው ወር ሌሊት ተነስታ በእግሯ ወደ አባቷ ቤት ሸሸች። አያቴ አበሏት፣ እግሯን አሳጠቧት፣ ሦስት ቀን አሳደሯት፤ በአራተኛው ቀን ሽማግሌ አስከትለው መለሷት። ይህን ታሪክ እያወቅኩ፣ በሐዘኗ ቀን ስለምትታጭ ሴት የሚያወራ መጽሐፍ ደስ ሊለኝ አይችልም ነበር።

አሮጊቷ ግን «ሌላ አልፈልግም፤ የሚቀጥለውን አንብቢ፤ ምን እንዳላት ስሚ» አሉኝ።

የሚቀጥለው ይህ ነው። ክላርክ ለማርቲ ቤቱን ይለቅላታል፤ እሱ ከቤቱ ጎን በተቀጠለችው ጠባብ ክፍል ያድራል። ከእሷ የሚፈልገው ለሚሲ እናት እንድትሆናት ብቻ ነው። ክረምቱ አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚመለሱ ሠረገላዎች ሲመጡ፣ ኑሮው ካልተስማማት፣ ወደ አገሯ የምትመለስበትን ወጪ እሱ ይከፍላል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃታል፦ ስትሄድ ሚሲን ይዛት እንድትሄድ።

ያን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ለእሳቸው፣ አንድ ጊዜ ለራሴ። ሚስቱን የቀበረ ሰው ያለችውን አንድ ልጅ ለማያውቃት ሴት አሳልፎ ሊሰጥ ቃል ይገባል፤ ልጁን ስለማይወድ አይደለም፤ እናት ከምታጣ እሱ ልጁን ቢያጣ ይሻላል ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ፣ የሳሙናው አረፋ፣ የእንጨቱ ፈለጣ፣ የምሽቱ ዝምታ፣ በዚህ ቃል ላይ የቆመ ነው። ማርቲ በየቀኑ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ ሳትሄድ የምታድርበት እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ብዙ የዚህ ዓይነት ልቦለድ ጸሐፊዎች ይህን አይረዱትም። ሴቲቱን በበረዶ፣ በድህነት ወይም በወንድ ጉልበት ይዘጉባትና በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ወደደችው ይሉናል። ጃኔት ኦክ በሩን ከመጀመሪያው ከፍታ ትታዋለች።

የመጽሐፉ መሀል አካባቢ ሁሉም ነገር ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ እኔ በጣም የወደድኩትም እሱን ነው። ማርቲ ቤት የመምራት ችሎታዋ ትንሽ ነው። የምታውቀው ፓንኬክ መጋገር ብቻ ስለሆነ ጠዋት ፓንኬክ፣ ቀትር ላይ ፓንኬክ፣ ማታ ፓንኬክ ታቀርባለች። ክላርክ ያለ ማጉረምረም ይበላል። ዳቦ ትሞክራለች፣ አይሳካም። ዶሮ ልታርድ ትወጣና ጉድ ይፈላባታል። እነዚያን ገጾች ሳነብ አሮጊቷ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔ ግን አሜሪካ የገባሁበትን የመጀመሪያ ሳምንት አስታወስኩ። በሰው ቤት፣ በሰው ምድጃ ፊት ለፊት ቆሜ የትኛው ቁልፍ እንደሚያበራው ሳላውቅ፣ ለመጠየቅ አፍሬ፣ ደረቅ ዳቦ በልቼ የወጣሁበትን ጠዋት። ሴት በማታውቀው ቤት ውስጥ አለማወቋን ለመደበቅ የምታደርገውን ነገር ደራሲዋ በጥንቃቄ አይታለች።

ከዚያ ጎረቤቷ ማ ግሬሃም ትመጣለች። በእኛ አገር አራስ ቤት ገብታ ሳትጠየቅ ገንፎ የምታነሳ ጎረቤት የምታውቁ ከሆነ ማ ግሬሃምን ታውቋታላችሁ። ዕውቀቷን ሳትኩራራ ትሰጣለች። አንድ ቀን ደግሞ የራሷን ታሪክ ለማርቲ ትነግራታለች። እሷም የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን ለማሳደግ ስትል ሚስቱ የሞተችበትን ቤንን አግብታ ነበር፤ ፍቅሩ በኋላ፣ መቼ እንደገባ ሳታውቀው መጣ። የመጽሐፉ ርዕስ ከዚህ ጨዋታ የወጣ ነው።

ርዕሱን ወደ አማርኛ ስመልሰው ብዙ ተቸግሬያለሁ፤ «ሶፍትሊ» የሚለው ቃል ልስላሴንም ዝቅ ያለ ድምፅንም ይይዛልና። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለእናቴ ስደውል ታሪኩን በአማርኛ እያነበብኩ እነግራታለሁ፤ ስለዚህ ርዕሱም ያስፈልገኝ ነበር። «ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል» አልኳት መጀመሪያ። ቀስ ማለት ግን ፍጥነትን እንጂ ድምፅን አይነግርም። «በዝግታ» ብልም ያው ነው። በኋላ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምእመኑ ሳይሰማው የሚጸልየው ጸሎት ትዝ አለኝ። በለሆሳስ። «ፍቅር በለሆሳስ ይመጣል» ስላት እናቴ ወዲያው ገባት። ወደፊት ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢኖር ይህን ቃል እንዲያስብበት እለምነዋለሁ።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ ለጀማሪ ይሆናል ብለው ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልንገር። ትረካው ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ መዝገበ ቃላት ብዙ አያስገልጥም። ንግግሩ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት የጥንት የገጠር እንግሊዝኛ ስለሆነ ደራሲዋም እንደ አነጋገራቸው ጽፋዋለች። «ኢፈን» የሚል ቃል በየገጹ ይመጣል። መጀመሪያ የሰው ስም መስሎኝ ከፍ ባለ ድምፅ አነበብኩት። አሮጊቷ «እሱማ ‹ከሆነ› ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች እንዲህ ነበር የሚሉት» አሉኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እያረሙኝ፣ እኔም እየደገምኩ አብረን ዘለቅነው። ዓይናችሁ በዝምታ እያነበበ ግራ የሚጋባበትን ንግግር ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ጆሮ ይፈታዋል። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ሞክሩት።

አሁን ወደ እምነቱ ልምጣ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ መጽሐፉ የፕሮቴስታንት ነው፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ማርቲ ቤተ ክርስቲያንን የምታውቀው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው። በክላርክ ቤት የመጀመሪያው ማዕድ ላይ ምግቧን ልትጀምር ስትል ክላርክ አንገቱን ደፍቶ መናገር ይጀምራል፤ ማንን እንደሚያናግር ግራ ይገባታል። ከራሱ አምላክ ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ስትረዳ ትገረማለች። ይህ ክፍል እጅግ በጥሩ ሁኔታ ተጽፏል። ክላርክ አይሰብካትም። በየጠዋቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል፣ ይጸልያል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። እሷ ሳህን እያነሳች ትሰማለች። እምነቷ የሚበቅለው ከዚያ ከመስማት ነው። እንደ እኔ ሳህን እያነሳች፣ ሊጥ እያቦካች የእናቷን ውዳሴ ማርያም እየሰማች ያደገች ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

የጎደለኝ ነገርም አለ። ጾም የለም፣ በዓል እንደ እኛ የለም፣ ቅዱሳን አይጠሩም፣ ንስሐ አባት የለም። አንድ ሰባኪ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቅ ይላል። ለነዚያ ሰዎች ከዚያ በላይ ማግኘት አይቻልም ነበርና አልፈርድባቸውም፤ ቅዳሴ የሌለበት ክረምት ግን ለእኔ ረጅም ነው። መንፈሳዊ ልቦለድ በአማርኛ ለመጻፍ የምታስቡ ኦርቶዶክሳውያን ካላችሁ፣ የክላርክን የማዕድ ጸሎት የሚያህል አንድ ገጽ ስለ ጽዋ ማኅበር፣ ስለ ጥምቀት ማለዳ ወይም ስለ ሕማማት ስግደት ጻፉልን። እኔ ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።

መጽሐፉን ስወድ እንከኑን አልሸፍንም። ክላርክ ከመጠን በላይ ደግ ነው። አይቆጣም፣ አይሳሳትም፣ ድካም አያሸንፈውም። ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው፤ አንድ ሌሊት እንኳ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደ ሰው ሲሰበር፣ ሲያማርር፣ ማርቲን የሟቿን ቦታ ወሰደች ብሎ ሲያኮርፍ ማየት እፈልግ ነበር። አባቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን በሬው ሲጠፋበት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ደራሲዋ ለማርቲ የሰጠቻትን ሰውነት ለክላርክ ግማሹን ብትሰጠው ኖሮ ታሪኩ የበለጠ ይጠነክር ነበር።

ሌላው እንከን የበለጠ ይከብደኛል። ማርቲና ክሌም አዲስ መሬት ፍለጋ ይመጣሉ፤ መሬቱ ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ ይመስላል። እኔ የምኖረው በሚኒሶታ ነው። ከዚህ በስተደቡብ ምዕራብ ባለችው በማንካቶ ከተማ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1862 የዳኮታ ሕዝብ ተወላጆች የሆኑ 38 ወንዶች በአንድ ጊዜ ተሰቅለዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የተካሄደው ጦርነት መነሻው መሬትና ረሃብ ነበር። ጃኔት ኦክ የጻፈችው የአንድ ጎጆ ታሪክ እንጂ የጦርነት ታሪክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ስለ ጎረቤት ፍቅር በዚህ ሁሉ ርኅራኄ የሚናገር መጽሐፍ፣ በዚያ ምድር ላይ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ቢያነሳ በወደድኩ። የእኔም አገር ሰው ስለ መሬት ሲጣላ አይቻለሁና ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ከመጽሐፉ በፊት ፊልሙን ያያችሁ ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክል ላንደን ታናሹ አዘጋጅቶት ካትሪን ሃይግል ማርቲን ሆና ሠርታበታለች። ፊልሙ ያምራል፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በፊልሙ ሚሲ እልኸኛ፣ አፍ የምትመልስ ትልቅ ልጅ ናት፤ በመጽሐፉ ግን የምትታቀፍ ሕፃን ናት። ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። ከትልቅ ልጅ ጋር ያለው ትግል ለማየት ይመቻል፤ ሆኖም የአንዲትን ሕፃን ክብደት በክንዷ ተሸክማ ቀስ በቀስ የምትለወጥ ሐዘንተኛ ሴት የምትገኘው በመጽሐፉ ውስጥ ነው። ከቻላችሁ መጽሐፉን አስቀድሙ።

ለመግዛት ለምታስቡ፣ ተከታታዩ ስምንት መጻሕፍት አሉት፤ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ብቻውንም ይነበባል። ስምንቱን በአንድ ጊዜ አትግዙ። እኔ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው የምዋሰው፤ የራሴን ቅጂ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጥበት ቀን በአንድ ዶላር አገኘሁት። ፊደሉ ደቃቅ የሆነ የኪስ እትም ስለነበረ ለሌሊት መብራት አልተመቸኝም። ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆች የምትገዙ ከሆነ ትልቅ ፊደል ያለውን እትም ፈልጉ። ሽፋኑ ላይ የፊልሙ ተዋናዮች ያሉበትንም አልመክርም፤ ማርቲን በራሳችሁ ዓይን እንድታዩዋት እፈልጋለሁ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስጦታ ለመስጠት ብታስቡበት ግን አስቀድማችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብቡ። ለአንዳንዱ መጽናኛ ነው፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ለሆነ ግን የሚከብድ ይመስለኛል። ባሏን ከቀበረች ወር ላልሞላት አንዲት እኅቴ ሰጥቻት፣ «አሁን አልችልም» ብላ መልሳልኛለች። በዓመቱ ራሷ ጠየቀችኝ።

ለእናቴ የማነበው እንደነገርኳችሁ በስልክ ነው። እሷ ደብረ ብርሃን፣ እኔ እዚህ። የክላርክን ቃል ያነበብኩላት ዕለት ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኳት።

«የመመለሻውን ገንዘብ በእጇ ሰጣት ወይስ እሱ ጋ ነው?» አለችኝ።

አላሰብኩበትም ነበር። መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩ። ገንዘቡ እሱ ጋ ነው፤ ለማርቲ የተሰጣት ቃል ብቻ ነው።

«እንግዲህ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው» አለች። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ልጁንም ቃሉንም በአንድ አፍ አስይዞ የተናገረ ሰው አጋጥሞኝ ግን አያውቅም ነበር። ቀጥላ ስለ አያቴ አወራችኝ፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ሳለ አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደነበር። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ስለ አባቴ ስጠይቃት ሁልጊዜ «ለመድኩት» ነበር የምትለው። በዚያ እሑድ ግን «መቼ እንደሆነ አላውቀውም» አለች፤ ከዚያም ወዲያው ወደ ማርቲ ዶሮ መለሰችኝ።

እስካሁን ክረምቱን ጨርሰናል። ልጁ ተወልዷል፣ በረዶው ቀልጧል፣ ሠረገላዎቹ ሊደርሱ ነው። ማርቲ ትሂድ አትሂድ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ባለፈው ሳምንት የጠየቀችኝ ሚሲ ጥርስ አብቅላ እንደሆነ ነው።